ንብ ናት ዝንብ? የሚመሳሰሉ ነፍሳትን ከፎቶ እንዴት እንለይ

ስልኬ ውስጥ የማላጠፋት አንድ ፎቶ አለች። ቢጫ አበባ ላይ ያረፈች፣ ቡናማ፣ ፀጉራም፣ ሆዷ ግራና ቀኝ ብርቱካናማ የሆነች ነፍሳት። "ንብ" የሚል ስም ሰጥቻት ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። አንድ ቀን ፎቶዎቼን ሳገላብጥ ዙም አደረግኩና ፊቷ ላይ ቆምኩ። ዓይኖቿ ጭንቅላቷን ሞልተውታል። አንቴናዋ አጭር ጉቶ ነው፤ የለም ቢባል ይቀላል። ክንፏን ቆጠርኩ። ሁለት። ንብ ደግሞ ባለ አራት ክንፍ ናት። ፎቶዬ ላይ ያለችው ዝንብ ነበረች፤ ኤሪስታሊስ ቴናክስ የምትባል፣ ንብ መስላ የምትኖር ዝንብ።

ዓይናችን ቀድሞ የሚያየው ቀለምንና ጠቅላላ ቅርጽን ነው። አስመሳይ ነፍሳት ደግሞ የሚያስመስሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ "ምን ትመስላለች?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ርቀት አያስኬድም። እኔ አሁን የምጠይቀው "ከምትመስላት ጋር የሚለያዩት የት ቦታ ላይ ነው?" ብዬ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የምሄድበት መንገድ ነው።

1. ፎቶው ሲነሳ

ግማሹ ሥራ የሚያልቀው እዚህ ነው። ፎቶው ውስጥ ያልገባ አካል በኋላ ዙም ቢያደርጉት አይገኝም።

መጀመሪያ ከቆማችሁበት ሆናችሁ አንድ አንሱ። ልትበር ትችላለች፤ ቢያንስ አንድ ይኑራችሁ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ተጠጉ። ጥላችሁ ድንገት እንዳያርፍባት ተጠንቀቁ፣ ትበረግጋለች። ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ብዙዎቹ ነፍሳት ስለሚቀዘቅዙ አይንቀሳቀሱም። እኔ የምመርጠው ይህን ሰዓት ነው።

ከዚያ ዙሯት። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ ከተቻለ ከሥር። ይህን የምለው ለጥራት ብዬ አይደለም። መለያው ምልክት ከቡድን ቡድን ቦታው ስለሚለያይ ነው። አንበጣን ውሰዱ። የበረሃ አንበጣና ሎከስታ ማይግራቶሪያ የሚባለው ሌላው መንጋ ሠሪ አንበጣ ከላይ ሲታዩ ሊያምታቱ ይችላሉ። የበረሃ አንበጣ ግን በፊት እግሮቹ መካከል፣ ጉሮሮው ሥር፣ እንደ ችካል ጉብ ያለች ነገር አለችው። ሎከስታ ማይግራቶሪያ የለውም። ከላይ 20 ፎቶ ብታነሱ ይህችን ችካል አታገኟትም። ከሥር አንድ ካነሳችሁ ግን ጉዳዩ አለቀ። ከሥር ለማንሳት ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ አስገብታችሁ ብርጭቆውን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ከዚያ ትለቁታላችሁ። የሚናደፉትን ግን በእጅ አትያዙ። ቢራቢሮ ከሆነች ደግሞ ክንፏን ዘርግታም ገጥማም አንሷት፤ የላዩና የሥሩ ሥዕል ለየቅል ነው።

መጠን ከፎቶ አይገመትም። የሩዝ ፍሬ የምታህለዋም አውራ ጣት የሚያህለውም ስክሪን ላይ እኩል ናቸው። አጠገቧ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ አስቀምጡ፤ ካልሆነም የቆመችበትን ቅጠል ሙሉውን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ጨምሩ። ሳንቲሙ ግን ከእሷ እኩል ርቀት ላይ ይሁን። ወደ ካሜራው ከቀረበ ሳንቲሙ ይገዝፍና እሷ ታንሳለች።

ለሚያብረቀርቁ ጥንዚዛዎች ፍላሽ አይሆንም፤ ነጸብራቁ ምልክቱን ይውጠዋል። ነጭ ወረቀት ይዛችሁ የፀሐዩን ብርሃን አለስልሱት። ፎቶውን ለሰው ስትልኩ ደግሞ ዋናውን ፋይል ላኩ። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቀንና ቦታም ይጠፋል፤ "ፋይል" ብላችሁ ላኩት። ስክሪንሾትማ ጭራሽ አይሆንም።

2. መጀመሪያ ትልቁን ቡድን ያዙ

ዝርያ ለመጥራት አትቸኩሉ። ንብ፣ ተርብ፣ ዝንብ፣ ጥንዚዛ፣ ቢራቢሮ? እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ የሚቀጥለው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ከንቱ ነው።

ዝንብና የወባ ትንኝ ሁለት ክንፍ ብቻ አላቸው። የኋላ ክንፋቸው ተለውጦ እንደ ትንሽ የከበሮ መምቻ ቀርቷል፤ ሲበሩ ሚዛን የሚጠብቁበት ነው። ንብና ተርብ አራት ክንፍ አላቸው። ችግሩ የንብ የፊትና የኋላ ክንፍ በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚያያዙ ፎቶ ላይ አንድ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ በክንፍ ብቻ አትፍረዱ። ወደ ፊቷ ሂዱ። የንብ አንቴና ረጅምና እንደ ክርን የታጠፈ ነው። ንብ መሳይዋ ዝንብ አጭር አንቴና ነው ያላት፣ ዓይኖቿም ግዙፍ ናቸው። ተርብን ከንብ ለመለየት ወገቧን እዩ፤ የተርብ ቀጭን ነው፣ ሰውነቷም ብዙ ጊዜ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው። አበባ ላይ የምትውል የማር ንብ ሠራተኛ የኋላ እግሯ ጠፍጣፋ ሆኖ የአበባ ዱቄት የምትሸከምበት ቅርጫት አለው።

ቢራቢሮና የእሳት እራት? የአንቴናውን ጫፍ እዩ። የቢራቢሮ ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያብጣል። የእሳት እራት እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ነው። ከዚህ የሚወጡ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው።

ጥንዚዛን ከትኋን ወገን ስትለዩ ጀርባውን ተመልከቱ። የጥንዚዛ ጠንካራ ክንፎች መሐል ላይ ቀጥ ባለ መስመር ይገጥማሉ። የትኋን ወገኖች ክንፋቸው አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረብና ጀርባቸው ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ይታያል።

3. የት? መቼ? ምን ላይ?

ሳይንስ ስም የሰጣቸው ነፍሳት 1 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ይህን ሁሉ በዓይን ማጣራት አይቻልም። የፎቶው ቦታና ወር ግን አብዛኛውን በአንድ ጊዜ ያስወጣል። ያረፈችበት ተክልም ይጠቅማል፤ በተለይ ትል ከሆነች፣ ብዙዎቹ ትሎች የሚበሉት ተክል የተወሰነ ነው።

ቦታ ግን ፍንጭ ነው፤ ፍርድ አይደለም። እስያዊው ተርብ ቬስፓ ቬሉቲና በ2004 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ታየ፤ ከዚያ በፊት አውሮፓ ውስጥ አይታወቅም ነበር። መጤው የአሜሪካ ተምች አፍሪካ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። የደቡብ እስያዋ የወባ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ተገኘች። "እዚህ አገር የለም" ብሎ ፎቶውን የሚጥል ሰው እንዲህ ያለውን መጤ ያሳልፋል።

4. ተመሳሳዮቿን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው። ግምታቸውን ይይዙና ግምቱን የሚደግፍ ምልክት ብቻ ይፈልጋሉ። ተገላቢጦሽ አድርጉት። መጀመሪያ "ከማን ጋር ልትምታታ ትችላለች?" በሉ። እጩዎቹን በወረቀት ጻፉ። እያንዳንዳቸው የሚለዩበትን ቦታ አጠገባቸው አስፍሩ። ወደ ፎቶው የምትመለሱት ከዚያ በኋላ ነው።

በአንድ ምሳሌ ላይ ቆየት እንበል። አፍሪካና እስያ ውስጥ በብዛት የምትታይ ብርቱካናማ ቢራቢሮ አለች፤ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ሰረዝ። ዳናውስ ክሪሲፐስ ትባላለች። ትሏ የሚበላው ነጭ ወተት ያላቸውን ተክሎች ስለሆነ ሥጋዋ ለወፎች አይጥምም፤ አንዴ የቀመሰ ወፍ አይደግማትም። ሃይፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባል ሌላ ቢራቢሮ ደግሞ እንዲህ ያለ መከላከያ ሳይኖራት ሴቷ ቁርጥ እሷን ትመስላለች። ያው ብርቱካናማ፣ ያው ጥቁር ጫፍ፣ ያው ነጭ ሰረዝ። ወንዱ ሌላ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክብ አለበት።

ፎቶው ላይ ወደ ኋላ ክንፏ ዙም አድርጉ። የዳናውስ የኋላ ክንፍ መሐሉ አካባቢ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ወንዱ ነጥብ የሚመስል የሽታ ኪስ ስላለው አራት ሆነው ይታያሉ። አስመሳይዋ ያላት አንድ ጥቁር ነጥብ ነው፤ እሱም መሐል ሳይሆን ወደ ፊተኛው የክንፉ ጠርዝ ነው። ሁሉም ነገር ተኮርጆ እነዚህ ነጥቦች ቀሩ። እኔ ይህን በራሴ ፎቶ ላይ ቆጥሬ ያገኘሁ ቀን ለሌላ ሰው ለማሳየት ሮጫለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቢራቢሮዋ ክንፏን በከፊል ብቻ ከዘረጋች የፊት ክንፏ የኋላውን ጠርዝ ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ አንዷ ነጥብ አልታየችም ተብሎ አይደመደምም። መሐል ያሉት ሦስቱ መኖር አለመኖራቸው ነው የሚወስነው።

የዴንጊ በሽታ የሚያስተላልፉት ሁለቱ የኤዲስ ትንኞችም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም እግራቸው ላይ ነጭ ቀለበት አላቸው። እግር እያያችሁ አትድከሙ። ደረቷን ከላይ እዩ። ኤዲስ ኢጂፕታይ ደረቷ ላይ የክራር ቅርጽ የሚመስል ነጭ ሥዕል አላት። ኤዲስ አልቦፒክተስ መሐል ለመሐል የምትወርድ አንዲት ቀጥ ያለች ነጭ መስመር አላት። ከጎን የተነሳ ፎቶ እዚህ ብዙም አይረዳም።

የመጤው ተምች ትል ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። "ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛው ፊደል ዋይ (Y) ካለ እሱ ነው" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ምልክቱ እውነት አለ፤ ግን ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ሌሎች ዘመዶቹ ላይም ይታያል። የሚያስተማምነው ከጭራው በኩል ነው፤ ከመጨረሻው አካባቢ ባለው ክፍል ጀርባ ላይ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የራሱም የጭራውም ፎቶ ያስፈልጋል። ገና የተፈለፈለ ትንሽ ትል ላይ ግን ሁለቱም በደንብ አይታዩም፤ ካደገ በኋላ የተነሳ ፎቶ ፈልጉ።

እኔ በአንድ ምልክት ብቻ ስም አልሰጥም። ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ምልክት እፈልጋለሁ። አንዱ ጥላ ሊሆን ይችላል፣ ጭቃ ሊሆን ይችላል፣ የተቀደደ ክንፍ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚዋሹበት ዕድል ግን ትንሽ ነው። ከእጩው ጋር የማይሄድ አንድ ግልጽ ምልክት ካገኛችሁ ደግሞ የሚሄዱትን አምስቱን ትታችሁ እሱን ስሙት።

5. አንድ ዝርያ ሁለት መልክ ሲኖረው

እስካሁን ያወራነው ሁለት ዝርያዎች አንድ ስለሚመስሉበት ነው። ተቃራኒውም አለ። አንዱ ሁለት ይመስላል። ይህኛው ባለሙያዎችንም አሳስቷል። ሎከስታ ማይግራቶሪያ ብቻውን ሲኖርና መንጋ ሲሠራ ቀለሙም ቅርጹም ጠባዩም ስለሚለያይ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተብለው ይመዘገቡ ነበር። አንድ መሆናቸውን በ1921 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያስረዳው የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው።

ወቅትም መልክ ይለውጣል። ፕሬሲስ ኦክታቪያ የምትባለው የአፍሪካ ቢራቢሮ በዝናብ ወቅት ቀላ ያለች ብርቱካናማ፣ በደረቅ ወቅት ጥቁር ሰማያዊ ናት። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ዝርያ ናቸው ቢሉት ለማመን ይቸገራል። የፎቶው ወር አስፈላጊ ነው ያልኩት ለዚህም ነው።

ነጠብጣብ ባለባቸው ጥንዚዛዎች ላይ ነጥብ መቁጠር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ነው። ሃርሞኒያ አክሲሪዲስ የምትባለው እስያዊት ጥንዚዛ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ጥቁርም ትሆናለች፤ ነጥቧም ከዜሮ እስከ 19 ድረስ ሊሄድ ይችላል። ቁጥሩን ተዉትና ከጭንቅላቷ ኋላ ያለውን ነጭ ሰሌዳ እዩ። በፈካ ቀለሟ ላይ ብዙ ጊዜ ኤም ወይም ደብልዩ የሚመስል ጥቁር ምልክት አለ። እግሯ ቡናማ ነው። ባለ ሰባት ነጥቧ ኮክሲኔላ ሴፕተምፑንክታታ ግን እግሯ ጥቁር ነው።

ቀለምን በጠቅላላው በጥርጣሬ ያዙት። አዲስ ቆዳ የለወጠች ነፍሳት ለጥቂት ሰዓት የነጣች ትሆናለች። ያረጀች ቢራቢሮ ቅርፊቷ ረግፎ ትደበዝዛለች። የስልክ ካሜራ ደግሞ እንደ ብርሃኑ ቀለሙን ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ይጎትተዋል። ቅርጽ፣ የክንፍ ሥር (ክንፉ ላይ እንደ ደም ሥር የሚታዩት መስመሮች)፣ የምልክት አቀማመጥ፣ እነዚህ በብርሃን አይለወጡም።

6. አፑ ያለውን እንዴት እንውሰድ

ፎቶ አይተው ስም የሚገምቱት አፖች፣ አይናቹራሊስትም ሆነ ጉግል ሌንስ፣ ጥሩ መነሻ ናቸው። እኔም እጠቀማለሁ። ግን የመጀመሪያውን መልስ ወስዶ መሄድ አይገባም። ማሽኑ የተማረው ሰዎች ካነሷቸው ፎቶዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ ፎቶ የተነሱ ዝርያዎችን በደንብ ያውቃል፣ እምብዛም ያልተነሱትን ወደሚያውቃቸው ያስጠጋል። ፎቶው ላይ ያልታየውን ችካልም ሊያይላችሁ አይችልም።

ስለዚህ ዝርዝሩን እንዳለ ውሰዱትና ለአራተኛው ደረጃ እጩ አድርጉት። ፎቶውን ከማስገባታችሁ በፊት ነፍሳቷ እንድትሞላው ቁረጡት፤ ቦታውንም አስገቡ። ከሁለት ማዕዘን የተነሱ ፎቶዎችን ለየብቻ ሞክሩ። ሁለቱ የተለያየ ስም ከሰጧችሁ ጥርጣሬያችሁ ተገቢ ነው።

አይናቹራሊስት ላይ ከስም ሰጪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ ምዝገባው ለምርምር የሚበቃ ተብሎ ከፍ ይላል። ጥሩ አሠራር ነው፤ ግን ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ብቻ ተስማምቶ ሊሆን ይችላል። ስሙን ሲሰጧችሁ "በምን ለየኸው?" ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ቦታውን ጠቁሞ ያሳያችኋል፤ ከስሙ በላይ የምትማሩትም ያን ጊዜ ነው። ለማመሳከሪያ ደግሞ ከኢንተርኔት የፎቶ ፍለጋ ይልቅ ባለሙያ የለያቸውን ናሙናዎች ምረጡ። ፍለጋው ላይ ስማቸው የተሳሳተ ፎቶዎች ሞልተዋል።

7. የት ላይ እንቁም

አንዳንድ ዝርያዎች በፎቶ አይለዩም። ምንም ካሜራ ቢኖራችሁ። ወባ ከሚያስተላልፉት መካከል አኖፌለስ ጋምቢዬና አኖፌለስ አራቢየንሲስ በመልክ አይለያዩም፤ የሚለዩት በዲኤንኤ ምርመራ ነው። ጠባያቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያዋ በአብዛኛው ሰውን፣ ቤት ውስጥ ትነክሳለች። ሁለተኛዋ ከብትንም፣ ከቤት ውጭም ትነክሳለች። በፎቶ ገምቶ አንዷን መጥራት መከላከያውን ሊያሳስት ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ካሉት ነጫጭ የሌፕቲዲያ ቢራቢሮዎች በጣም የሚመሳሰሉት ሦስቱም እንዲሁ ናቸው፤ ሦስቱም ዲኤንኤያቸው ተመርምሮ ነው የሚለዩት። ሦስተኛዋ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

እንዲህ ሲሆን ጂነሱ (የሚቀራረቡ ዝርያዎችን የያዘው ቡድን) ላይ ቁሙ። "አኖፌለስ" ብሎ ጽፎ ማቆም ሙሉ መልስ ነው። ትንኟ ስታርፍ ጭንቅላቷን ዝቅ፣ ሆዷን ከፍ አድርጋ ዘንበል ብላ ከታየች እዚያ ድረስ ፎቶው ይመሰክራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግምት ነው። እርግጠኛ ያልሆነ የዝርያ ስም መረጃ ቋት ውስጥ አንዴ ከገባ ሌላው እያመነው ይደግመዋል፤ አፑም ከእሱ ይማራል።

8. ፎቶው ሥር ምን ይጻፍ

ስም ብቻ አትጻፉ። ቀን፣ ቦታ፣ ያረፈችበት ተክል፣ የታየው ምልክት፣ ያልታየው ምልክት። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ፤ በኋላ የሚያየው ሰው የት ላይ መጠራጠር እንዳለበት ይነግረዋል። የእኔ ፎቶ ሥር አሁን የተጻፈው ይህ ነው፦

"ኤሪስታሊስ ቴናክስ። ቢጫ አበባ ላይ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት። የታየው፦ አጭር አንቴና፣ ሁለት ክንፍ፣ የክንፏ ሥር መሐል ላይ ወደ ታች ታጥፎ የተመለሰ፣ ዓይኗ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የጠቆረ የፀጉር ሰንበር። ያልታየው፦ የኋላ እግር፣ ፊቷ ከፊት ለፊት።"